አርፏል

ስልኩ ይጠራል፤ አይነሳም። የጸጉር ቆራጩን ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ከመጠጥ ሱስ ሕክምና ክፍላችን ከወጣ ዓመት ሆኖታል፤ ጥናታችን የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ የወጡት ሰዎች ዓመት ሲሞላቸው እንዴት ሆነው ይገኛሉ?

ዛሬ ያገኘሁት መልስ ሁሉ ልብ የሚያሳርፍ አልነበረም። አንዱ ተመልሶ ጀምሯል። የአንዷን ስልክ የሚያነሳው የማያውቃት ሰው ነው። ጸጉር ቆራጩስ? እዚህ ተኝቶ ሳለ፣ እጁ ገና በቅጡ ሳይረጋ፣ መቀስ ለምኖ አስተካክሎኛል። "ጆሮህን አንተው ያዝልኝ፤ የኔ ኃላፊነት ጸጉሩ ላይ ብቻ ነው" ብሎ ክፍሉን ሙሉ አስቆብኝ ነበር።

በመጨረሻ ተጠሪው ወደሆነችው ታላቅ እህቱ እደውላለሁ። ወዲያው ታነሳለች። ከሕክምናው ክፍል መሆኔን ነግሬ ስለ ወንድሟ እጠይቃታለሁ።

"እሱማ አርፏል ልጄ" ትላለች። "አርፏል፤ እኛንም አሳርፎናል።"

በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እሱኑ እላለሁ።

"ነፍሱን ይማር፣ እትዬ። እግዜር ያጽናዎት።"

ከጀርባዋ ሲወርድ የነበረው የቧንቧ ውሃ ይቆማል።

"የማንን ነፍስ?"

መጠጡን ተወ፣ አደብ ገዛ ማለቷ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ቃሉን በሌላ ተርጉሜው ነው፣ የሰማሁት ነገር የለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ እያልኩ እንተባተባለሁ። እሷ ግን አንዴ ሰምታዋለች። ከሐኪም ቤት የሚደውል ሰው ሳያውቅ እንዲህ አይልም ባይ ናት። ለእሱ ደውዬ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። መዋሸት አልችልም። ደውያለሁ፣ አያነሳም እላለሁ።

ለምሳ መምጣት ነበረበት። ሰዓቱ አልፏል።

"ድሮም የሚጀምረው እንዲህ ነበር" ትላለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። "ስልክ ባለማንሳት።"

እንዳልዘጋባት ትለምነኛለች። አልዘጋም። ልብሷን ስትደርብ፣ ቁልፍ ስትፈልግ፣ የፈለገችውን ስታጣ እሰማታለሁ። ሞቶ ከሆነስ፣ ጠጥቶ ከሆነስ? ሁለታችንም አንዱንም አፍ አውጥተን አንናገርም።

በር ሲከፈት ይሰማል።

"እታለም፣ በነጠላ ጫማ ወዴት ነው?"

ድምፁ ነው። ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። እሱ እያወራ ይገባል። የሠርግ ሚዜዎች ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈውበት ነው የቆየው፤ ስልኩን እንኳ ዞር ብሎ አላየውም፤ አንዱ ሚዜማ ራሱ እንደ እንቁላል ነው፣ ምኑን እንደሚቆርጥለት ግራ ገብቶት...

"ሚዜዎች" ትላለች እህቱ። ቃሉን ስትደግመው ድምጿ ሌላ ይሆናል። "ምን ጋበዙህ?"

መልሱን ሳትጠብቅ ትቀጥላለች።

"ና ወዲህ። እፍ በል።"

"ዛሬም?" ይላል። መሳቅ ይጀምርና ይተወዋል።

"እፍ በል አልኩህ።"

ስልኩ አሁንም እጇ ላይ ነው። የእሱ ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ነፋስ ይገባል። እኔም ሳላውቀው መተንፈስ አቁሜያለሁ።

ቆይቶ ሌላ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ከመጀመሪያው የረዘመ፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ። የእሷ ነው። "ቡና ብቻ ትሸታለህ" ትለዋለች።