ምንም የተደበቀ ነገር የለም

ሚስቱን ምጥ ሲይዛት ጤና ጣቢያ ደወለ። «አምቡላንሱ በእናንተ በኩል ነው ያለው፤ መንገድ ዳር አውጥታችሁ ጠብቁ። ለሹፌሩ እንደውልለታለን» አሉት። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መንገዱ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አሳረፏት።

ብዙም ሳይቆይ፣ ጎንና ጎኗ በጨርቅ የተሸፈነ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸች መጣች።

«የወረዳችን በጀት ለሕዝብ ይፋ ይሆናል! ኑና ስሙ! ኑና ጠይቁ! ምንም የተደበቀ ነገር የለም!»

ሰውየው አቧራው እንዳያገኛት ሚስቱን በጋቢው ከለላት።

«መጣ?» አለችው።

«እሱ አይደለም፤ የስብሰባ መኪና ነው። አይዞሽ አስካለ፣ እየመጣ ነው።»

መኪናዋ ገበያውን ዞራ ስትመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አስካለ ማቃሰቷን ትታለች። ሰውየው መሀል መንገድ ገብቶ አስቆማቸው። ሹፌሩ ድምፅ ማጉያውን አጠፋ።

«ወንድሜ፣ እባክህ፣ በመንገዳችሁ አምቡላንስ አላያችሁም?»

ሹፌሩ ስልኩን አወጣ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ያልሰማው የጤና ጣቢያው ጥሪ ተደርድሯል። ወረደና «በጀታችን ለሕዝብ ግልጽ ነው» የሚለውን ጨርቅ ጫፉን ይዞ ገለጠው።

ከሥሩ በትልልቁ፣ በቀይ ቀለም፣ «አምቡላንስ» ተብሎ ተጽፏል።