ሃያ ሰው ለእሑድ

አዲሷ ፋርማሲስት ሥራ በጀመረች በአምስተኛው ቀን የፋርማሲስቶች ፈረቃ ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ቅዳሜና እሑድ ላይ የተጻፈው የእሷ ስም ብቻ ነበር። ነባሩ ፋርማሲስት ወገቡን ያመዋል። ሕመሙ ቅዳሜ ጠዋት ይነሳና ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። በመደርደሪያው ላይ ካለው መድኃኒት ሁሉ ለዚህ በሽታ የተገኘው ፈውስ እሷ ነበረች።

ከሠንጠረዡ ግርጌ የፋርማሲው ባለቤት በቀይ እስክሪብቶ «ፈረቃ መለዋወጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብሎ ጽፏል።

ቅዳሜውንስ ትችለው ነበር። እሑድ ግን የእናቷ ቀን ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷ ከከተማው ማዶ ብቻዋን ትኖራለች፤ ደህና ምሳ የምትሠራውም ልጇ ስትመጣ ነው። ሌላውን ቀን ያገኘችውን ቆማ ትቀምሳለች።

የመጀመሪያው እሑድ ሲያልቅ እናትየው ደወለች።

«እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ? ሥራው እንዴት ነው?»

«ምን ሥራ አለ እማዬ፤ ዝንብ እሽ ስል ዋልኩ። አራት ሰው ነው የመጣው። አንዱማ መንገድ ሊጠይቅ ነው የገባው።»

እናትየው ስለ ዝንቡ አልሳቀችም።

«ካንቺ በፊት የነበረችው ልጅ ለምን ወጣች?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ብቻ አንቺ ሥራሽን አጥብቀሽ ያዢ።» ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ስትመድብ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናትና ስለ ሥራ ስታወራ ድምጿ ይለወጣል።

ልጅቷ በማግስቱ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ እሑድ እኮ ሰው የለም። ለምን አንዘጋም?»

ባለቤቱ ከሰው ይልቅ ቁጥር ያምናል። «ሁለት ወር ቁጠሪ» አላት። «በቀን ሃያ ሰው ካልገባ እሑድን እዘጋዋለሁ። ከገባ ግን ይቺን ጥያቄ ዳግመኛ እንዳልሰማ።»

ሳቋን ለመደበቅ መጋዘን ገባች። ለእናቷ አልነገረቻትም፤ አንድ እሑድ ሳታስበው በሯን ልታንኳኳ ነው።

በሁለተኛው እሑድ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ገቡ። ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩና ፕላስተር ገዙ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሙቀት መለኪያ ገዙ። ቀጥሎ ጥጥ፣ ቀጥሎ የጉሮሮ ከረሜላ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሱቁ አልተጨናነቀም፣ ባዶም አልሆነ። ፋታ ያገኘችው ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ከአሥር ብቻ ነበር፤ ያኔ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ምሳዋን በላች። ከመንገዱ ማዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ጥቁር ጥላ ፊቷ ላይ ዝቅ አድርጋ የዘረጋች ሴት አንዱን አውቶቡስ አሳልፋ ሌላውን ትጠብቃለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቶ ሲቆጠር ሃያ ስድስት ሰው ሆነ።

በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ሁሉም በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን አያስሉም። ለአንድ ጥቅል ጥጥ «ተባረኪ፣ እጅሽ ራሱ መድኃኒት ነው» ብለው መርቀዋት ይወጣሉ። ወፍራሟ ሴትዮ ሦስተኛ ሙቀት መለኪያ ሲገዙ ፋርማሲስቷ አላስቻላትም።

«እማማ፣ ያለፈው ተሰበረ እንዴ?»

«ኧረ አልተሰበረም። ቤታችን ሰፊ ነው» አሉና ሰዓቱን እያዩ ተጣድፈው ወጡ።

አንድ ሰው እየላካቸው ነው። ጥርጣሬዋ ገንዘብ ተቀባይዋ ላይ አረፈ። ወሬዋ ስለማያቋርጥ ሠራተኛው ሁሉ «ራዲዮ» ይላታል። ራዲዮ እሑድን ትወዳለች፤ እሑድ አማቷ እሷ ቤት የሚውሉበት ቀን ነውና ሥራው ማምለጫዋ ነው። ስልክም ከጆሮዋ አይለይም። ስልኩን በዘጋች ቁጥር በሩ ይከፈታል።

ራዲዮ ስልኳን ቤት የረሳች ዕለት ሃያ ሰባት ሰው ገባ። ፋርማሲስቷ ግን «ቅዳሜውኑ ተናግራ ጨርሳለች» ብላ ደመደመች።

በስድስተኛው እሑድ አፋጠጠቻት። «አንቺ ነሽ አይደል የምትልኪያቸው?»

«እኔ?» አለች ራዲዮ። «ዶክተር ሙች፣ ሃያ ሰው የሚታዘዝልኝ ብሆን አማቴን ከቤት አላስወጣም ነበር?»

መልሱ አሳማኝ ነበር። ሆኖም የፈረደችባትን ሰው በመልስ ብቻ መልቀቅ ከብዷት ሁለቱ ለሁለት ሳምንት ተኮራረፉ።

እናትየው በየእሑዱ ማታ መደወሏን አልተወችም።

«ዛሬስ ሰው ነበር?»

«ሞልቶ ነበር» ትላለች ልጅቷ።

«ተመስገን!»

ይህች ተመስገን ልጅቷን ታበሽቃታለች። «እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ናፍቀሽኛል አትይም?»

«መናፈቁንማ ትናፍቂኛለሽ። ግን ሥራ ይቀድማል።»

ሁለት ወር ሞላ። ባለቤቱ ቁጥሩን ደምሮ አካፍሎ ፊቱ በራ። «እሑድ ገበያችን ሆነ! ከእንግዲህ እስከ ማታ እንከፍታለን» አለ። ለትጋቷ ሽልማት እንዲሆናት ደግሞ አንድ ሰኞ እረፍት ሰጣት።

ሰኞ ሳትደውል እናቷ ቤት ሄደች። እናቷ በሩን ከፍታ እልል ማለት ብቻ ቀራት። ከስታለች።

«እንዲህ ሳትነግሪኝ! በይ ቁጭ በይ፣ አሁን አደርሳለሁ» አለችና ወደ ጓዳ ሮጠች። «ሰሃን ከቁምሳጥኑ አውጪ!»

ልጅቷ ቁምሳጥኑን ከፈተች። በመዝጊያው ውስጠኛ ገጽ በማስመሪያ የተሰመረ ወረቀት ተለጥፏል። ጽሕፈቱን ታውቀዋለች፤ ፊደል የቆጠረችው በእሱ ነው።

«የእሑድ ፈረቃ። 3፡00 — የፋብሪካው ጥበቃ፣ ፕላስተር። 3፡20 — የማቅለሚያ ክፍሏ ሴትዮ፣ ሙቀት መለኪያ (ኧረ አሁንስ ሌላ ነገር ትግዛ!)። 3፡40 — መካኒኩ፣ ጥጥ።» እያለ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይወርዳል። ከግርጌው በቀይ፦ «ፈረቃ መለዋወጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

መሃል ላይ አንድ መስመር ብቻ ሰው አልተመደበበትም፦ «6፡30 — ማንም አይግባ፣ ልጄ ምሳዋን ትብላ። እኔ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሆኜ አያታለሁ።»