ቴልማ ፓስኮ በረጅሙ መንገድ

ወይዘሮ ቴልማ ፓስኮ መኪናቸውን የሚነዱት ራሳቸው ነበሩ። ልጃቸው ዎሪክ ሁለት ጊዜ ቁልፉን ጠይቋቸው ሁለቴም እምቢ ብለውታል።

"በአስፋልቱ ብንሄድ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ እማዬ።"

"በአቧራው መንገድ ስድስት። እስከ አሥር ሰዓት ድረሺ አሉኝ እንጂ በየት በኩል ነይ አላሉኝም።"

ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ተቀምጣለች፤ ውስጧ ሁለት የሌሊት ልብስ፣ የደም ግፊት ክኒንና መነጽር አለ። ሬዲዮአቸውን ግን ዎሪክ ጠዋት ከሻንጣዋ አውጥቶ ቤት ትቶታል። እዚያ አይፈቀድም።

ቀዩ መንገድ ቁጥቋጦውን ለሁለት ሰንጥቆ ይሄዳል። ሰጎን የሚመስሉ አምስት ኢሙዎች በአጥሩ ጥግ እየሮጡ መኪናዋን ቀደሟት።

"ወፍ ቀደመን እኮ!" አለ ዎሪክ።

"ይቅደሙ። ጉዳይ ይኖራቸዋል።"

የከብት ማጠጫ ገንዳ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ። ወርደው ከቧንቧው በእፍኛቸው ይቀምሳሉ። "ይሄኛው ገና ደህና ነው" ይላሉ፤ አንዱ ጋ ግን ተፉት።

"የከብት ውሃ እኮ ነው!"

"አንተንስ በምን አሳደግሁህ?"

እኩለ ቀን ላይ አንዲት የመንገድ ዳር ሱቅ ደረሱ። ሱቁን በቅርቡ የገዛችው ሊኔት የሥጋ ፓይ አሙቃ፣ የቲማቲም ስጎ አፍስሳ አቀረበችላቸው። በመስኮት መኪናዋ ውስጥ ያለችውን ሻንጣ አየች።

"ወዴት ነው ጉዞው፣ እማማ?"

"ከተማ። አልጋ ተዘጋጅቶልኛል። ምግቡም ከእነሱ ነው። በሩን ግን ከውጭ ነው የሚቆልፉት።"

የሊኔት ፊት ተለወጠ። "የኔንም እናት አረጋውያን መጦሪያ አስገባናት። በሦስተኛው ወር ስሜን ረሳችው።" ወደ ዎሪክ ዞረች። "አንተስ አታፍርም? አንዲት ክፍል አጥተህ ነው?"

ዎሪክ አንገቱን ደፋ። "ወረቀቱን ፈርሚ ብዬ ለምኛታለሁ። ብትፈርም ቤቷ ትቀመጥ ነበር።"

"አርፌ እንድቀመጥ ነዋ!" አሉ ወይዘሮ ቴልማ። "አርፌ ተቀምጬ አላውቅም። እሱን ተይው፣ ልጄ። እኔ ሄጄ ነው እንጂ ተወስጄ አይደለም።"

ሊኔት ሁለት ፓይ ጠቅልላ በግድ አስያዘቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ዎሪክ መታገሥ አቃተው። "እንመለስ፣ እማዬ። አሁንም እፈርማለሁ ብትይ ይቀበሉሻል። ብትታመሚስ? ብትወድቂስ? ማን ያነሳሻል?"

ወይዘሮ ቴልማ መኪናዋን መንገዱ መሃል አቆሙ። ከኋላ የሚመጣ አልነበረም።

"የማልፈራ መሰለህ? ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ግን ዛሬ ፈርቼ ብመለስ ነገ ማን ይሰማኛል?"

ዎሪክ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሮዝና ግራጫ በቀቀኖች ከዛፍ ዛፍ እየተንጫጩ ይበራሉ። በእጁ መዳፍ ዓይኑን ጠረገ።

"ከድልድዩ በኋላ በግራ በኩል ሌላ የአቧራ መንገድ አለ" አለ። "ሃያ ደቂቃ ያረዝመዋል።"

"እንዲህ ነው የኔ ልጅ!"

ለአሥር ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ጽጌረዳ የተተከለበት የሸክላ ሕንጻ በር ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ቴልማ ፀጉራቸውን በመስተዋት አስተካከሉ። ዎሪክ ሻንጣዋን ሊይዝላቸው ሲል ቀሙት። ደወሉንም ራሳቸው ደወሉ።

የደንብ ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት ከፈተች። አሮጊቷን አየች፤ የያዘችውን ወረቀት አየች፤ መልሳ አሮጊቷን አየች።

"ይቅርታ እናቴ፣ ተሳስቼ እንዳይሆን፤ ውሃ ይበክላሉ ብለው የጋዝ ቆፋሪዎችን መኪና ፊቱ ተኝተው ያገዱት፣ ሁለተኛ አላደርግም የሚለውን ወረቀት አልፈርምም በማለትዎ ስልሳ ቀን እስራት የተፈረደብዎት እርስዎ ነዎት?"