የማይቶኮንድሪያ ገበር

“ይሄ ላንቺ አይገባሽም” የሚለው የታናሽ እህቷ ቃል ልብስ ሰፊዋን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባት ነበር የኖረው። በዚያ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ቆማ የእህቷን የመማሪያ ክፍል መስኮት ለመጋረጃ ስትለካ፣ አስተማሪዋ እህቷ ሰሌዳው ላይ የሴል ኃይል ማመንጫ የሆነውን የማይቶኮንድሪያን ሥዕል ሰቅላ ታስተምር ነበር። ሥዕሉ ባቄላ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጥምዝምዝ ነው።

“ቲቸር፣ የውስጡ ሽፋን እንዴት ተጣጠፈ?” አለች አንዷ ተማሪ።

“ብዙ ኃይል እንዲያመነጭ ነዋ!”

“እሱማ ጥቅሙ ነው” አለች ልብስ ሰፊዋ ከላይ ሆና። “ልጅቷ የጠየቀችው አስተጣጠፉን ነው።”

“እትዬ፣ በናትሽ መጋረጃሽን ለኪ!”

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን ወረደችና ይዛ የመጣችውን የመጋረጃ ጨርቅ ሁሉ ከስፌት ቦርሳዋ ባወጣችው ትንሽ የትራስ ልብስ ውስጥ ጠቅጥቃ አፉን ከፍታ አሳየቻቸው። ጨርቁ እጥፍ በእጥፍ ሆኗል። “ገበሩ ከላዩ ጨርቅ ሲበልጥ የት ይግባ? ይታጠፋላ!”

አስተማሪዋ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ የትራሱን ልብስ አየች። “እውነቷን ነው፤ የውስጡ ሽፋን ከውጪው በጣም ይበልጣል። እርግጥ እጥፉን የሚይዙ ፕሮቲኖችም አሉ።”

“እነሱማ ስፌቶቹ ናቸዋ!”

እህቷ እየሳቀች ጠመኔውን ዘረጋችላት። ልብስ ሰፊዋ ተቀበለችና አስተማሪዋን ትከሻዋን ይዛ ከተማሪዎቹ መሀል አስቀመጠቻት።