አረንጓዴዋ ነጥብ

ጣቷ ማስነሻ ቁልፉ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ዳታቤዙን አጥፍታ በአዲስ ስሪት ማስነሳት ነበረባት፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ማን ሥራ ላይ እንዳለ በሚያሳየው ዝርዝር ውስጥ ግን ከሟቹ ባልደረባዋ ስም አጠገብ አረንጓዴዋ ነጥብ አሁንም ትበራለች። ለሙከራ ብሎ የራሱን ስም ሲያስገባ ነጥቧ በራሷ የምትጠፋበትን የጊዜ ገደብ መስጠት ረስቶ ነበርና፣ ከተቀበረ በኋላም "ሥራ ላይ ነው" ትላለች። ዝርዝሩ ዳታቤዙ ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋው ሜሞሪ እንጂ ዲስክ ላይ እንዳይቀመጥ የወሰነውም እሱ ነበር። "ማን ገባ ማን ወጣ ብለን ጽፈን ልንፎክርበት ነው? ሜሞሪ ይበቃዋል!" ብሎ ስቆባት ነበር። አንዴ ዳታቤዙን ካጠፋች ነጥቧ አትመለስም።

"በይ እንጂ እህቴ፣ ደንበኞች እየጮኹብን ነው" አለ አለቃቸው ከኋላዋ ቆሞ። ድምፁ ግን እንደወትሮው ቁጣ አልነበረበትም።

ከንፈሯን ነክሳ ተጫነችው። ዳታቤዙን የሚያስኬዱት ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ጠፍተው አንድ በአንድ ተነሡ። ስሞቹም ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ፤ የእሱ ግራጫ እንደሆነ ቀረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነጥቧን የምታያት እሷ ብቻ መስሏት ነበር። ቀና ስትል ክፍሉ ውስጥ አንድም ኪቦርድ አይንኳኳም፤ ሁሉም የየስክሪኑን ጥግ ያያል።

አለቃው መነጽሩን አወለቀ።

"በየጠዋቱ እኮ እንደምን አደርክ እለው ነበር" አለ።