አረንጓዴና ቡናማ በአንድ መደርደሪያ

"ትቀልዳለህ?"

ጋሽ ፈየራ ልጃቸው ላይ ጮኹ...

አቢ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። "ጨርሻለሁ እኮ አባዬ... ልክ አይደለም እንዴ?"

ቤታቸው አቃቂ በሰቃ ነው። ላፕቶፑ የእህቱ የሊዲያ ነው።

ለመመረቂያዋ የዓይን መመርመሪያ ፕሮግራም ሠርታለች። አሥራ አምስት ባለቀለም ካሬዎች ተደበላልቀው ይመጣሉ... ተመርማሪው የሚቀራረቡትን ቀለማት ጎን ለጎን ይደረድራል።

ቀለሞቹን ያረሙላት አባቷ ናቸው። የክር ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ካቦ ነበሩ። እያንዳንዱን ከአሮጌ የክር ናሙና ጋር መስኮት ሥር እያስተያዩ "ይሄ ጠቆረ፣ ይሄ ገረጣ" ብለዋታል።

የእኚህ ሰው ልጅ ነው እንግዲህ አረንጓዴውን ከቡናማው ጋር የደረደረው!

ሊዲያ ሳቀች። "እኔ ደግሞ ካልሲህ የማይገጥመው ለፋሽን መስሎኝ!"

ጋሽ ፈየራ ግን አልሳቁም።

ይህን አደራደር ያውቁታል...

ፋብሪካ ሳሉ ቀጀላ የሚባል ሠራተኛ በእሳቸው ሥር ይሠራ ነበር። የሚስታቸው የወይዘሮ ቢፍቱ ታናሽ ወንድም።

አረንጓዴና ቡናማ ክር አንድ መደርደሪያ ላይ እየቀላቀለ አስቸገረ።

"ዘመድ ነው ብለህ ልትጫወትብኝ ነው!" ብለው አባረሩት።

"ጋሼ፣ በልጆችህ ሞት... ለእኔ አንድ ዓይነት ናቸው!" እያለ ነው የወጣው።

ከዚያ በኋላ "ሥራ አበላሽ" የሚለው ስም በየሄደበት ቀድሞት ይደርስ ነበር። ቋሚ ሥራ ሳያገኝ ሞተ።

"ሊዲ... ይሄ ነገር ከየት ይመጣል?" አሉ ጋሽ ፈየራ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"ቀለም አለመለየት አብሮ የሚወለድ ነው አባዬ። ወንድ ልጅ የሚወርሰው በእናቱ በኩል ነው።"

ወይዘሮ ቢፍቱ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ።

"ወንድሜን..." አሉ።



"ሊሞት ሲል 'ፈየራ አሁንም አላመነኝም?' ብሎ ጠየቀኝ።"

"ምን አልሽው?"

"'አምኖሃል' ብዬ ዋሸሁት።"

ጋሽ ፈየራ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ... አረንጓዴውና ቡናማው መሃል።

ወዳጆቼ፣ በዕድሜዬ ሰነፍ ተብሎ፣ ተንኮለኛ ተብሎ የተባረረ ሰው ቆጥሬ አልጨርስም። ሲባረር "ለአንተ ምን ይታይሃል?" ተብሎ የተጠየቀ ግን አንድም አላየሁም።

ሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቁት። ሰውየው ከሞተ በኋላ ጥያቄዋ አትጠቅመውም።

እናንተስ... ሳታምኑት የቀራችሁት፣ ዛሬ ግን ብትደውሉለት ስልኩን የሚያነሳ ሰው አለ? ማን ነው?