ቀይ እስክሪብቶ

እናትየው የሟች ልጇን ግጥም መቃብሩ አፍ ላይ ለልጅቷ መምህር ሰጠችው። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የመጨረሻ ቃሏን እርስዎ ያሰሙኝ» አለችው።

ግጥም ሲጽፍና ሲያስተምር ያረጀው መምህር ወረቀቱን ገና ሲያየው አወቀው፤ ያረመው እሱ ራሱ ነበር። መድረክ ላይ እንደለመደው ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበና ለቀስተኛውን አስለቀሰ። ወረቀቱን ሊያጥፈው ሲል እናትየው ክንዱን ያዘችው። «አለቀ? ስለ እኔስ ምንም አላለችም?»

አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። ያኔ ሲያርም «ግጥም አይንዛዛም» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ደጋግሞ ሰርዞት ነበር። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አነሳው። ከቀለሙ ስር የምትነበበው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ የቀሩትን ሊያስታውሳቸው አልቻለም።

«እማዬ...» አለ።

«ወዬ፣ ልጄ!» አለችና የሚቀጥለውን ጠበቀች።